የሳሙና ሥራ፣ የሴቶች ማኅበርና የተማሪዎች ድርሻ
ሳሪስን በምሳሌነት ወስዶ የቀረበ ንግግር



ድርቅ በደረሰ ቁጥር አስቀድሞ የሚታሰበው እህል ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በ1977 ዓ.ም. በኮረምና በሌሎችም መጠለያዎች ከረኀቡ የተረፈውን ወገን ግርሻና ተስቦ እንደጠበቁት አይዘነጋም። ሁለቱም በቅማል የሚተላለፉ፣ ገላና ልብስ በማይታጠብበት ስፍራ የሚበረቱ በሽታዎች ናቸው። ዛሬ በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚሠራበት የሰብአዊ እርዳታ መመዘኛ ለአንድ ሰው በወር 250 ግራም የገላና 200 ግራም የልብስ ሳሙና ይመድባል። ይህም አምስት ነፍስ ላለው ቤተሰብ 2 ኪሎ ከሩብ፣ ለ1,000 ቤተሰብ ከ22 ኩንታል በላይ ማለት ነው። ይህን ሳሙና ማን ሠርቶ ማን ይሸጠዋል? የዚህ ንግግር ጉዳይ ይኸው ነው።

ሳሪስ በደብረ ዘይት መንገድ ላይ፣ በጎተራና በቃሊቲ መካከል የምትገኝ፣ ከፋብሪካ ጋር ያደገች መንደር ናት፤ ከሰፈሮቿ አንዱ እስከ ዛሬ የሚጠራው በአደይ አበባ የክር ፋብሪካ ስም ነው። ኑሮ ከገጠር የገፋቸው ሴቶች እንዲህ ባለው የከተማ ዳር ሲደርሱ የሚገቡበት ሥራ ይታወቃል፤ የሰው ልብስ አጠባ፣ እንጀራ ጋገራ፣ ጉሊት። ከልብስ አጣቢዋ ይበልጥ ሳሙናን በእጇ የምታውቅ የለችም። የትኛው ቶሎ እንደሚያልቅ፣ የትኛው እጅ እንደሚልጥ፣ የትኛው አረፋ ብቻ እንደሆነ ጠንቅቃ ትለያለች። ነገር ግን ከሳሙናው ዋጋ አንዲት ሳንቲም አይደርሳትም።

ይህ የሴቶች እውቀት ከዚህ በፊትም ለሳይንስ በር ከፍቷል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ወንዞች ላይ የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያዛምቱትን ቀንድ አውጣዎች ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ተገኙ። እንዶድ በአገራችን ሸማና ጋቢ ሲታጠብበት የኖረ ቁጥቋጦ ነው፤ ደርቆ የተወቀጠው ፍሬ በውስጡ ባለው ሳፖኒን የተነሣ አረፋ ይሰጣል። ከዚያ ወዲህ በዓድዋ በተካሄደው የብዙ ዓመት ሙከራ በትንንሽ ሕፃናት ዘንድ የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ግድም መውረዱ ተዘግቧል። ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ስለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

የታሪኩ ቀጣይ ክፍል ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። እ.ኤ.አ. በ1990 ዶክተር አክሊሉ በአሜሪካ ኦሃዮ የሚገኘውን የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ ሲጎበኙ፣ እንዶድ በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የውኃ ቧንቧ የሚደፍነውን ባለ ዛጎል እንስሳ እንደሚገድል በሙከራ ታየ፤ ለዚህም አጠቃቀም የባለቤትነት መብት በዚያው በአሜሪካ ተወሰደ። ፍሬውን ወቅጠው ልብስ ሲያጥቡበት የኖሩት ሴቶች በመዝገቡ የሉበትም። አዋቂ ወደ መንደር ሲገባ ከመንደሩ ይዞ ስለሚወጣው ነገር አስቀድሞ መነጋገር የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

የኢትዮጵያ ተማሪዎች በልማት ሥራ መሰለፋቸው አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግል ያዝዝ ነበር። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. በተጀመረው የእድገት በኅብረት ዘመቻም ወደ 60,000 የሚደርሱ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘምተዋል። ዘመቻዎቹ በብዙ ነገር ይለያያሉ፤ በአንድ ነገር ግን ይመሳሰላሉ፤ ተማሪው ተመላሽ ነው። ሳሙና ሥራም የሚፈርሰው ብዙውን ጊዜ የሚመዝነውና መዝገብ የሚጽፈው ተማሪ ክረምት ሲገባ ወደ ቤቱ ሲሄድ ነው። የውጭ አገር ተማሪዎች የሚያቋቁሟቸው ማኅበራት ላይ ደግሞ ሌላ ችግር ይታከላል፤ ሽቶ የተጨመረበትን ሳሙና ባሕር ማዶ ባለ ባዛር የሚገዛው ሰው የሚገዛው ከሳሙናው ይልቅ ታሪኩን ነው፤ ታሪኩ ሲሰለች ገበያው ይዘጋል።

ወደ ሥራው ቤት እንግባ። ለአንድ ኪሎ የከብት ሞራ ወደ 140 ግራም የሚጠጋ ኮስቲክ ሶዳ ያስፈልጋል። ከዚህ ከበለጠ ሳሙናው ቆዳ ይበላል፤ በጣም ካነሰ ቅባቱ ሳይለወጥ ይቀርና ይሸታል። ስለዚህ የመጀመሪያው መሣሪያ ከድስቱ በፊት ሚዛኑ ነው። ሶዳው ወደ ውኃው ይጨመራል እንጂ ውኃው በሶዳው ላይ አይፈስም፤ ከተገላበጠ ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል። በየቤቱ ያለው የአሉሚኒየም ድስት ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ሶዳው አሉሚኒየምን ይበላል፣ በቀላሉ የሚቀጣጠል ጋዝም ያወጣል። የማይዝግ ብረት ወይም ወፍራም ፕላስቲክ ያስፈልጋል። ከሁሉ የከፋው አደጋ የሚመጣው ከተረፈው የሶዳ ውኃ ነው። በሃይላንድ ተሞልቶ በአንድ ክፍል ቤት ጥግ ከተቀመጠ፣ የተጠማ ሕፃን ከመጠጥ ውኃ አይለየውም። ማኅበሩ ከመኖሪያ ቤት የተለየና የሚቆለፍ ክፍል ሳያገኝ ሥራ ባይጀምር ይሻላል፤ በዚህ ላይ መደራደር አይገባም።

አንዳንድ ጊዜ በሞራ ፈንታ የኑግ ዘይት ይታሰባል። ኑግ ለስላሳ ሳሙና ይሰጣል፣ ቶሎም ይቆመጥጣል፤ ደግሞም የሚበላ ዘይት ነው። ሞራ ጠንካራ የልብስ ሳሙና ይወጣዋል፤ ቄራ ባለበት ከተማም አይታጣም።

ሒሳቡ ሌላ ጉዳይ ነው። ሳይቀቀል የሚሠራ ሳሙና ከተቆረጠ በኋላ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በመደርደሪያ ላይ መድረቅ አለበት። የሞራውና የሶዳው ገንዘብ ለዚያን ያህል ጊዜ ታስሮ ይቆያል፤ ሴቶቹ ግን የዕለት ጉርስ የሚያገኙት ከዕለት ሥራ ነው። በሚደርቅበትም ጊዜ ክብደቱ ይቀንሳል፤ በእርጥቡ ተመዝኖ ዋጋ የወጣለት ሳሙና ሲሸጥ ያከስራል። ኮስቲክ ሶዳም ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በብር ሲተመን ይከብዳል። ተማሪው እዚህ ላይ በእውነት ሊጠቅም ይችላል። የሴቶቹን የሥራ ሰዓት እንደ ወጪ ቆጥሮ የአንዱን ሳሙና ትክክለኛ ዋጋ ማውጣት፣ ከዚያም ስሌቱን ራሱ መሥራቱን ትቶ ከማኅበሩ ሁለት ሴቶች በመዝገብ እንዲሠሩት ማስተማር የሱ ድርሻ ነው። እቁብ ሰብስባ የምታውቅ ሴት ለዚህ ትምህርት እንግዳ አይደለችም። በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ለሳሪስ ጎረቤት ነው፤ ከዩኒቨርሲቲው የሚመጣ ተማሪ በአንድ ክረምት ሳይወሰን ደጋግሞ መመላለስ ይችላል።

የመጨረሻው ጥያቄ የገበያ ነው። ሳሪስ ባሉ ሱቆች ኦሞና የፋብሪካ ሳሙና ሞልቷል፤ የእጅ ሳሙና በዚያ ዋጋ መወዳደር ይከብደዋል። የእርዳታ ድርጅቶች ግን በየጊዜው ሳሙና ይገዛሉ፤ ጨረታውም በብዙ ቶን ስለሚወጣና ማስከበሪያ ገንዘብ ስለሚጠይቅ ትንሽ ማኅበር ከደጃፉ ይመለሳል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የግዥ አዋጅ ለጥቃቅንና አነስተኛ ድርጅቶች ልዩ አስተያየት እንዲደረግ መደንገጉ፣ ሐሳቡ ለመንግሥት አዲስ እንዳልሆነ ያሳያል።

ለሙከራ የሚበቃው ትንሽ ነው። የገላ ሳሙናው ለጊዜው ይቆይና፣ ለ100 ቤተሰብ የሚሆነው የልብስ ሳሙና በወር 100 ኪሎ ነው። ለዚህ 77 ኪሎ ያህል ሞራና ከ10 እስከ 11 ኪሎ ኮስቲክ ሶዳ ያስፈልጋል፤ አሥር ሴቶች ያለ ችግር ይሠሩታል። ከገዢው በኩል የሚጠየቀው ሦስት ነገር ነው። መጠኑ በዚህ ልክ ተከፋፍሎ ይውጣ፤ ከመረከብ በፊት ናሙናው ይመርመር፤ ክፍያው ርክክቡ በተፈጸመ በ15 ቀን ውስጥ ይፈጸም። ሳሙናው አንድ ወር ሲደርቅ የታሰረ ገንዘብ በክፍያ መዘግየት ሦስት ወር ተጨምሮበት ከታሰረ፣ ማኅበሩ ሁለተኛውን ዙር ሞራ የሚገዛበት አይኖረውም። የግዥ ክፍሎች ኃላፊዎች ከተሰብሳቢዎቹ መካከል አሉ፤ ጥያቄው ለነሱ ቀርቧል።