ከኋላ የቆመው አምበል



ባለፈው እሑድ ጧት በለሚ ኩራ፥ በአያት በኩል ሳልፍ፥ በኮንዶሚኒየም ቤቶች መካከል በቀረ አንድ ባዶ ሜዳ ላይ ልጆች ኳስ ለመጫወት ሲከፋፈሉ ቆሜ ተመለከትሁ። አጥቂ ለመሆን ሁሉም እጁን አነሣ። ከሁሉ የሚያንሰው ልጅ ግን ፈቃዱ ሳይጠየቅ፥ «አንተ ኋላ ቁም!» ተባለ። እርሱም እንደ ተቀጣ ሰው አንገቱን ደፍቶ ሄደ። የዛሬው ንግግሬ ያ ልጅ እንደ ቅጣት ስለ ተቀበለው ቦታ፥ ይልቁንም በዚያው ቦታ ቆሞ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን አምበል ለመሆን ስለ በቃው ስለ ደጉ ደበበ ነው።

ደጉ ለብዙ ዓመታት የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ተከላካይ ሆኖ የተጫወተ፥ በኋላም ለወላይታ ድቻ የተሰለፈ ሰው ነው። ሀገራችን በሕዝቧ ብዛት ታላቅ ብትሆንም በእርሱ ዘመን በኳስ ሜዳ ከታናናሾቹ ትቈጠር ነበር። ይህ ግን ከጥንት የመጣ አልነበረም። የአፍሪካ የእግር ኳስ ማኅበር በ1949 ዓ.ም. ሲቋቋም ከግብፅ፥ ከሱዳንና ከደቡብ አፍሪካ ጋር መሥራች ነበረች፤ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። ከዚያ ቀን የሉቺያኖና የኢታሎ ቫሳሎ፥ የመንግሥቱ ወርቁም ስም በየቤቱ ይነሣል። ከኋላ ይከላከሉ የነበሩት ክፍሎም አርአያና አስመላሽ በርሄ ግን ሲጠሩ የሰማሁት ከስንት አንድ ጊዜ ነው። በ1974 ዓ.ም. በሊቢያ ከተደረገው ውድድር በኋላማ ኢትዮጵያ 31 ዓመት ሙሉ በአፍሪካ ዋንጫ ሳትታይ ቀረች።

ወደ ዋንጫው የተመለሰችበት ጨዋታ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከሱዳን ጋር የተደረገው ነው። ይህን ቀን የሚያስታውስ ሰው ሁሉ የአዳነ ግርማንና የሳላዲን ሰይድን ግብ ያስታውሳል፤ ማስታወሱም ይገባል። ነገር ግን እስቲ ሒሳቡን አብረን እንመልከተው። ቡድናችን ከጥቂት ሳምንታት በፊት፥ ጳጉሜን 3 ቀን 2004 ዓ.ም.፥ በሱዳን ምድር 5 ለ 3 ተሸንፎ ነበር። አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 ሲያሸንፍ የሁለቱ ጨዋታ ድምር 5 ለ 5 ሆነ፤ በጊዜው ደንብ ድምሩ እኩል ሲሆን በሰው ሜዳ ብዙ ግብ ያገባ ያልፍ ስለ ነበር ኢትዮጵያ አለፈች። እንግዲህ ሱዳን በዚያ ቀን አንዲት ግብ ብቻ አግብታ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ግቦቻችን ከንቱ በሆኑ፥ 31ዱም ዓመት ቀጥሎ በተቈጠረ ነበር። ስለዚህ ሀገሪቱን ያሳለፋት በውጤት ሰሌዳው ላይ በሱዳን ስም ፊት የተጻፈው ዜሮ ነው እላለሁ። ዜሮውን ማን ጻፈው ቢባል ግን የሚጠራ ስም የለም።

ይህ ነገር ለእኛ ለቢሮ ሰዎች እንግዳ አይደለም። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሠላሳ ዓመት ፋይል ሳይጠፋበት ቢያገለግል ስሙን የሚያነሣ የለም፤ አንድ ቀን አንዲት ደብዳቤ የጠፋችበት እንደ ሆነ ግን ከተላላኪው እስከ ሚኒስትሩ ስሙን ያውቀዋል።

በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመራው ቡድን፥ በደጉ አምበልነት፥ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። የመጀመሪያው ጨዋታ የሆነው ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው፤ ዋንጫው ከተወሰደበት ቀን ጋር በቀኑም በወሩም መግጠሙን ልብ ይሏል። ተጋጣሚያችን በቀደመው ዓመት ዋንጫውን የወሰደችው ዛምቢያ ነበረች። ሳላዲን የፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፤ ግብ ጠባቂያችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፤ ከዕረፍት በፊትም ግብ ገባብን። የቀሩት ዐሥር ሰዎች አንድ ሰዓት ያህል እየተከላከሉ፥ በመካከሉም አዳነ አንዲት አግብቶ፥ 1 ለ 1 ወጡ።

ቡርኪና ፋሶ ግን 4 ለ 0 አሸነፈችን። ተከላካይን ለማመስገን ብዬ ይህን ብደብቅ ውሸተኛ እሆናለሁ። ከአራቱ ሦስቱ የገቡት የእነርሱ ግብ ጠባቂ በቀይ ካርድ ከወጣ በኋላ መሆኑ ደግሞ ይብሳል፤ በእኔ አስተያየት ቡድናችን በሰው ቍጥር በለጥሁ ብሎ ወደ ፊት ሲጐርፍ ኋላውን ባዶ ትቶት ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የማይረሳኝ ጥር 21 ቀን በሩስተንበርግ ከናይጄሪያ ጋር የተደረገው ነው። እስከ 80ኛው ደቂቃ 0 ለ 0 ነበር። ከዚያም ቪክቶር ሞዘስ ሁለት የፍጹም ቅጣት ምቶችን አከታትሎ አገባ። በሁለተኛው ጊዜ ግብ ጠባቂው ሲሳይ ባንጫ ስለ ወጣና ቅያሬውም ስላለቀ፥ አንድ የሜዳ ተጫዋች የግብ ጠባቂ ልብስ ለብሶ በመረቡ ፊት ቆመ። በዚያ ውድድር ናይጄሪያ ቡርኪና ፋሶን በፍጻሜው 1 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች፤ ሁለቱም የፍጻሜ ተጋጣሚዎች ከእኛው ምድብ የወጡ መሆናቸው ነው።

በለሚ ኩራ ሜዳ ያየሁት ልጅ፥ ጨዋታው ካለቀ በኋላ ጠርቼ ማንን እንደሚወድ ብጠይቀው፥ የአንድ አውሮፓዊ አጥቂ ስም ነገረኝ። ስለ ደጉ ጥቂት አጫወትሁት። «እሱም ኋላ ነበር የሚቆመው?» አለኝ። አዎን አልሁት። ጓደኞቹ ስለ ጠሩት ሳይሰናበተኝ ሮጠ።