ዝናብ፣ መስኖና ተባይ በድሬዳዋ የማንጎ ማሳ



«ዝናቡ ሲበዛ ተባዩም ይበዛል» የሚለው አነጋገር በመስክ ጉብኝት ደጋግሞ ያጋጥመኛል። አነጋገሩ ለአንዱ ተባይ እውነት፣ ለሌላው ሐሰት ነው።

በሳይንሳዊ ስሙ ባክትሮሴራ ዶርሳሊስ ከሚባለው የፍራፍሬ ዝንብ ልጀምር። ይህ የእስያ ዝንብ በአፍሪካ ምድር የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2003 በኬንያ ሲሆን፣ ብዙም ሳይቆይ ወደ አገራችን ገብቷል። እንስቷ እንቁላሏን ከማንጎው ልጣጭ ሥር ትጥላለች። ዕጩ የፍሬውን ሥጋ በልቶ ካደገ በኋላ ወደ አፈር ይገባና በጥቂት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ሙሽሬ ሆኖ ይቆያል። ዝናብ ወሳኝ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። አፈሩ እጅግ ከደረቀ ሙሽሬው ይደርቃል፤ ውኃ ከተኛበትም ታፍኖ ይሞታል። የሚመቸው መጠነኛ ርጥበት ነው። ማንጎ የሚበስልበት ጊዜ ከበልግ ዝናብ ጋር ሲገጥም ዝንቡ ምግብንም ርጥበትንም በአንድነት ያገኛል።

እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ የተገኘው የማንጎ ነጭ ስኬል ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ከቅጠል ጋር ተጣብቆ ይመጥጣል፤ ገና ያልተጣበቁትን ጫጩቶቹን ኃይለኛ ዝናብ አጥቦ ይጥላቸዋል። ስለዚህ የሚበረታው በደረቅ ወራት ነው።

ድሬዳዋ በዓመት የምታገኘው ዝናብ 600 ሚሊ ሜትር አካባቢ በመሆኑ ማሳዎቻችን በመስኖ የሚኖሩ ናቸው። በእኔ እምነት ነገሩን የሚያወሳስበው ይኸው ነው። በግንዱ ሥር የሚለቀቀው ውኃ በበጋ እንኳ ለሙሽሬው ርጥበት ይሰጣል፤ ቅጠሉን ግን አያጥብም። አንድ ዛፍ ሁለቱንም ተባዮች በአንድ ወቅት ሊያስተናግድ ይችላል ማለት ነው። የዝናብ መዝገብ ብቻ ይዞ ትንበያ የሚሠራ ተማሪ ይህን ይስተዋል። (ሚቲዎሮሎጂ ጣቢያውም ከማሳው ሊርቅ ይችላልና፣ አንድ የዝናብ መለኪያ ከወጥመዱ አጠገብ መትከል አይከብድም።)

ገበሬውስ? በፍሬው ውስጥ ላለው ዕጭም ሆነ በአፈር ውስጥ ላለው ሙሽሬ ቅጠል ላይ የሚረጭ መድኃኒት አይደርስም፤ ከርጭት በኋላ የሚዘንብ ዝናብም ያጥበዋል። ገንዘቡ በከንቱ ይፈሳል። የወደቀን ፍሬ በየጊዜው ለቅሞ በጥልቅ መቅበር፣ ወይም በጥቁር ፕላስቲክ አስሮ ፀሐይ ላይ ማቆየት ይሻላል። እዚህ መጋላ፣ ቀፊራ ገበያ ዳር የሚከመረው የበሰበሰ ማንጎም ከዚሁ የሚቆጠር ነው፤ ከክምሩ ሥር ያለው እርጥብ አፈር ለዕጩ እንደ ማሳው አፈር ይመቸዋል። የከተማው ጽዳትና የዕፅዋት ጥበቃ ሥራ ከበልግ በፊት ሊመክሩበት ይገባል።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።