የጥበብ ሰው ከምን ይቀዳል?

(በሬዲዮ የተነገረ)

ደራሲው፣ ሠዓሊው፣ የዜማው ባለሙያ፣ እንዲሁም ልብስና የመጽሐፍ ልባስ የሚነድፈው ሰው ከወዳጅ ዘመድ ዘወትር የሚቀርብላቸው አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ይህን ሐሳብ ከየት አመጣኸው?» የሚል ነው። ብዙ ሰው መልሱ ከሩቅ የሚመጣ ይመስለዋል። አንዱ ከባሕር ማዶ ትምህርት፣ አንዱ አብሮ ከተወለደ ስጦታ፣ አንዱም ከተሰወረ መጽሐፍ የተገኘ አድርጎ ይገምተዋል። እኔ ዛሬ ለማስረዳት የምሞክረው ግን የጥበብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚቀዳው በየቀኑ ከሚያየው፣ ከሚሰማውና ከሚዳስሰው ተራ ነገር መሆኑን ነው። ከዚሁ ጋር፣ ከምንጭ የቀዳ ሰው ለምንጩ ዕዳ ያለበት መሆኑን ለማሳሰብ እወዳለሁ።

ለዚህ ነገር ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በምሥራቅ ጎጃም ከደጀን ተነሥቶ በብቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚወስደውን መንገድ የተከተለ ሰው ከቅኔ አገር ገባ ማለት ነው። በብቸና አካባቢ የሚገኘው ዲማ ጊዮርጊስ በቅኔ ትምህርቱ ስሙ የታወቀ ደብር ነው። የቅኔ ተማሪ የሚማርበት ሥርዓትም ለጥበብ ሰው ሁሉ ትልቅ ምሳሌ ይሆናል። ተማሪው ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ይጀምርና እያደገ ሄዶ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ይደርሳል። ቅኔውን የሚቆጥረው ለብቻው ፈቀቅ ብሎ ነው፤ ከዚያም በመምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል፤ መምህሩም ያርመዋል። ትናንት የተባለውን ዛሬ ደግሞ ማለት ነውር ስለ ሆነ ለየጊዜው አዲስ ነገር ማግኘት ግዴታው ነው።

ታዲያ አዲሱን ከየት ያገኛል? የቅኔው ወርቅ የሃይማኖት ምሥጢር ወይም የታላቅ ሰው ታሪክ ሊሆን ይችላል፤ ሰሙን ግን የሚያገኘው ከአካባቢው ነው። የገበሬው ሞፈርና ቀንበር፣ የሸማኔው መወርወሪያ፣ በክረምት የሞላው ወንዝ፣ ቁራሽ ሲለምን ከደጅ የሚጮህበት ውሻ፣ ይህ ሁሉ ሰም ይሆንለታል። «ሰምና ወርቅ» የተባለው ስም ራሱ እንኳ ከሊቃውንት ጉባኤ የተወለደ አይደለም፤ ከአንጥረኛው ቤት የተወሰደ ነው። አንጥረኛው አስቀድሞ የጌጡን መልክ በሰም ይሠራል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ሰሙ በለቀቀው ስፍራ የቀለጠውን ወርቅ ያፈስስበታል። ሊቁ ለከፍተኛ ጥበቡ ስም ያገኘው ሕዝቡ በንቀት ዓይን ሲያየው ከኖረው ሠራተኛ ነው። ይህን ነገር እባካችሁ በልባችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከቅኔ ቤት ወደ ልብ ወለድ ድርሰት እንሻገር። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አካባቢ ተወልደው በጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉ ሰው ናቸው። በኋላም ከጠላት ጋር ተዋግተዋል፤ ተማርከው ወደ ኢጣልያ ተግዘዋል፤ ከነጻነት በኋላም በውጭ አገር በአምባሳደርነት አገልግለዋል። ይህን ያህል ዓለም ያዩ ሰው በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ግን የሚናገረው ስለ ለንደን ወይም ስለ ዋሽንግተን አይደለም። በዛብህ የተወለደው በማንኩሳ ነው፤ ከሰብለ ወንጌል ጋር የተገናኘው በዲማ ነው። ከማንኩሳ ተነሥቶ በዛሬው አውራ ጎዳና ወደ ዲማ የሚሄድ መንገደኛ ደምበጫን ካለፈ በኋላ የአማኑኤልን ከተማ አቋርጦ ደብረ ማርቆስ ይገባል። ስለዚህ የታሪኩ አገር ለአማኑኤል ሰው ሩቅ አይደለም። ደራሲው መጽሐፉን የሠሩት ከባላገሩ እሮሮ፣ ከመኳንንቱ ኩራት፣ ከደብተራው ክርክር፣ ከሎሌና ከገረድ ወሬ ነው። ይህ ሁሉ በየቀኑ ሲነገር ሰው ሁሉ የሚሰማው፣ ነገር ግን ከቁም ነገር የማይቈጥረው ነበር። እርሳቸው ግን ቆጠሩት።

ሌላም የሚያስደስት ነገር አለ። ይኸው መጽሐፍ በተዋናዩ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተተረከ። ከባላገሩ አፍ የወጣው ቃል በመጽሐፍ ከታተመ በኋላ በሬዲዮ አማካይነት ፊደል ወዳልቆጠረው ባላገር ጆሮ ተመለሰ ማለት ነው። ምንጭ ወንዝ ይሆናል፤ ወንዝ ደመና ይሆናል፤ ደመናም ተመልሶ በምንጩ ራስ ላይ ይዘንባል። መልካም የጥበብ ሥራ አካሄዱ እንዲህ ነው።

በሥዕልም በኩል ያየን እንደ ሆነ ነገሩ ያው ነው። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎስያን እ.ኤ.አ. በ1955 ለትምህርት ወደ ለንደን ሄደ፤ ቀጥሎም በፓሪስ ብዙ ዓመት ተቀመጠ። በ1966 ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ በኋላም እስከ እርጅናው ድረስ በአሜሪካ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኖ ኖረ፤ በ2003ም አረፈ። በአውሮፓ የታየውን አዲስ የአሣሣል ስልት ሁሉ ያውቅ ነበር። ይሁን እንጂ ከሥራዎቹ ብዙዎቹን ስንመለከት ደብተራው በብራና የሚጽፈው ክታብ፣ በክታቡም ላይ የሚሣሉት ትላልቅ ዓይኖችና ጠልሰሞች ትዝ ይሉናል። ዘሪሁን የትምጌታም እንደዚሁ በቀጫጭን የሸንበቆ ስንጣሪዎች ላይ በመሣል፣ ሥዕሉ የሸማኔን ጥለት እንዲመስል አድርጓል። በዜማ በኩል ሙላቱ አስታጥቄ በእንግሊዝና በአሜሪካ የተማረውን የጃዝ ሙዚቃ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ቅኝቶች ጋር አዋሕዶ «ኢትዮ ጃዝ» የተባለውን ለዓለም አሰማ። እነዚህን ቅኝቶች አዝማሪው በየጠጅ ቤቱ በማሲንቆው ሲጫወታቸው የኖሩ ናቸው።

ይህ በአገራችን ብቻ የሚታይ እንዳይመስላችሁ የሃንጋሪውን ሊቅ ቤላ ባርቶክን ልጥቀስ። ባርቶክና ጓደኛው ዞልታን ኮዳይ ከ1906 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ድምፅ መቅረጫ ይዘው በየገጠሩ ዞሩ፤ የገበሬውን ዘፈን ከገበሬው አፍ ቀዱ። በከተማ የተናቀው የመንደር ዘፈን በኋላ በታላላቅ የሙዚቃ አዳራሾች የሚደመጥ ሥራ መሠረት ሆነ።

አሁን በዘመናችን ወጣቱ ባለሙያ በእጁ ስልክ አለው። በዚያች ትንሽ መስታወት የዓለም ሥዕል፣ ዘፈንና ልብስ ሁሉ ያለ ደላላ ይመጣለታል። ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ አያቶቻችን አንድ ሥዕል ለማየት የስንት ቀን መንገድ ይሄዱ እንደ ነበር የሚያስታውስ ሰው አይንቀውም። ነገር ግን ዓለም ሁሉ ከአንድ ጉድጓድ የሚቀዳ ከሆነ የሁሉም እንስራ አንድ ዓይነት ውሃ ይይዛል። በአዲስ አበባ የተነደፈው ማስታወቂያ በሌላ አገር ከተነደፈው ካልተለየ፣ ሠሪው ደከመ እንጂ አልፈጠረም። እንግዲህ በመስታወቱ የሩቁን ያየ ዓይን፣ ቀና ብሎ የእናቱን ሞሰብ ስፌትም ማየት ይገባዋል።

እስከዚህ የተናገርሁት ስለ መቅዳት ነው። ስለ ዕዳው ስናገር ግን ሌላውን ከመውቀሴ በፊት ከራሴ መጀመር አለብኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ ጉዳይ ወደ አማኑኤል ሄጄ ነበር። በገበያ ቀን ጀበና ልገዛ ከአንዲት ሸክላ ሠሪ ዘንድ ቆምሁ። ከሸክላዎቹ ጀርባ አንድ የተሰነጠቀ እንስራ አይቼ «እናቴ፣ ይህስ ምን አገኘው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም «ልጄ፣ የተሰነጠቀው እሳት ላይ ነው፤ ጥፋቱ ግን አፈሩ ሲመረጥ ነው» አሉኝ። ስሜንና ሥራዬን ጠይቀውኝ ነገርኋቸውና ተሰነባበትን። ይህን ቃል ወስጄ ስለ ልጆች አስተዳደግ ባሰማሁት ንግግር ማሳረጊያ አደረግሁት። ብዙ ሰው አመሰገነኝ፤ አንዳንዶቹም «ምሳሌው ግሩም ነው፤ ከየት አመጣኸው?» አሉኝ። እኔም ዝም ብዬ ፈገግ አልሁ።

በዓመቱ ወደ አማኑኤል ተመልሼ እኚያኑ እናት በዚያው ስፍራ አገኘኋቸው። ሰላምታ ከሰጡኝ በኋላ «ከጎረቤት ሬዲዮ ሰማሁህ፤ ድምፅህን ለየሁት። ቃሌን ሰማሁት፤ እኔን ግን አልሰማሁም» አሉኝ። በጣም አፈርሁ። «ይቅር ይበሉኝ እናቴ፤ በሚመጣው ጊዜ ስምዎን ጠርቼ እናገራለሁ» ብላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስሜስ ይቅር። የአማኑኤል ሸክላ ሠሪ አለችው ብትል ምን ይጎድልብህ ነበር? ልጆቼ በእናታቸው ሙያ ሲሰደቡ ነው ያደጉት። አንድ ቀን እንኳ በሬዲዮ ሲመሰገን በሰሙ» አሉኝ።

የተከበራችሁ አንባብያን፤ ያን ቃል ያለችው የአማኑኤል ሸክላ ሠሪ ናት። ዘግይቼ ብናገረውም ዕዳዬን ዛሬ በሁላችሁ ፊት እከፍላለሁ።

የእኚያ እናት አነጋገር ቀላል ነገር አይደለም። አንጥረኛው፣ ቀጥቃጩ፣ ፋቂው፣ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋ በአገራችን ለብዙ ዘመን በሙያቸው ሲሰደቡ ኖረዋል፤ ቡዳ እየተባሉም ከሰው ማዕድ ተለይተዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጅ ግን አፍን ይዘጋል እንጂ ልብን ፈጥኖ አይለውጥም። በእጃቸው ሥራ እየተዋብን፣ በጀበናቸው ቡና እየጠጣን፣ ከሙያቸው ቅኔ እየዘረፍን እነርሱን መናቅ ከገዛ ምንጭ ላይ አፈር መድፋት ነው። የሸማኔው ጥለት ደግሞ ሌላ መከራ አግኝቶታል። የጥለቱን መልክ በባዕድ አገር ፋብሪካ በጨርቅ ላይ አትመው በርካሽ ያመጡታል፤ በዓመት በዓል ቀን ይህንኑ ለብሰን «የባህል ልብሳችን» እንላለን። ንድፉ የሸማኔው ሲሆን ትርፉ የሌላ ሆነ። ሸማኔው መወርወሪያውን የሰቀለ ቀን የነገው ነዳፊ ከምን ሊቀዳ ነው?

ስለዚህ በጥበብ ሥራ ለተሰማሩ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፤ እንደ ቅኔ ተማሪው በየቀኑ ከአካባቢያችሁ አንድ ነገር ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ የገበያ ጨዋታ፣ የሰርግ ዘፈን፣ የጋቢ ጥለት፣ የመኪና ላይ ጽሕፈት ቢሆንም አትናቁት። ሁለተኛ፤ ከሌላ የወሰዳችሁትን ከማን እንደ ወሰዳችሁት ተናገሩ። የሰውየው ስም ባይታወቅ አገሩንና ሙያውን ጥሩ። ሦስተኛ፤ ከሥራችሁ ገንዘብ ያገኛችሁ እንደ ሆነ ከሠሪው ግዙ፤ የሠሪው ልጅ በእናቱ ሙያ እንዲኮራ የሚያደርገው ምስጋና ከዋጋ ጋር ሲመጣ ነው።

አንባብያንም ድርሻ አላችሁ። ልጆቻችሁ በገበያ ከሸክላ ሠሪ ፊት ሲቆሙ ምን ብለው እንደሚጠሯት አድምጡ። ቃላቸው ስድብ ከሆነ ከትምህርት ቤት አስቀድሞ እቤት መታረም አለበት። የአማኑኤሏ ሸክላ ሠሪ እንዳለችው፣ ጥፋቱ አፈሩ ሲመረጥ ነውና።