ስለ መነጽርና ስለ ፍርድ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ አንድ መምህር ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለወላጆች ያደረጉት ንግግር)



 በእንዲህ ያለ በዓል የሚናገር ሰው ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ ትጋት መናገሩ የተለመደ ነው። እኔ ግን የምናገረው በአፍንጫዬ ላይ ስለ ተቀመጠው ስለዚህ መነጽር ነው። ነገሩ ትንሽ መስሎ ቢታያችሁም እስከ መጨረሻው እንድታዳምጡኝ እለምናችኋለሁ፤ በዚህ ትንሽ ነገር ምክንያት አንድ ተማሪ በድያለሁና።

የተወለድሁትና ያደግሁት እዚሁ አዳማ፣ ወላጆቻችን ናዝሬት እያሉ በሚጠሯት ከተማ ነው። ተማሪ ሳለሁ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተጻፉት 3 እና 8፣ 6 እና 0 እየተመሳሰሉ ያስቸግሩኝ ነበር። ከፊደላችንም ‹ቡ› እና ‹ቢ›ን ተመልከቱ። ሁለቱን የምትለያቸው በቀኝ እግራቸው ላይ ያለችው ትንሽ ቅጥል ናት፤ በአንደኛው ከወገቡ ላይ፣ በሁለተኛው ከእግሩ ሥር ትቀመጣለች። ለእኔ ግን ያች ቅጥል ወደ ላይና ወደ ታች ተጎትታ እንደ ጥላ ስለምትደበዝዝብኝ ቃሉን የማነበው በግምት ነበር። ደብተሬንም የምሞላው ከሰሌዳው ሳይሆን ከጎረቤቴ ደብተር እየገለበጥሁ ነበር።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ዓይኔ ጉድለት እንዳለበት አለማወቄ ነው። የማያውቁት አገር አይናፍቅም እንደሚባለው፣ ሰው ሁሉ እንደ እኔ የሚያይ ይመስለኝ ነበር። ሌሊት የመንገድ መብራት ወደ ላይና ወደ ታች እንደ ዘንግ ረዝሞ ሲታየኝ፣ የመብራት ጠባዩ ነው ብዬ አልፈው ነበር። ሲመሽ ግንባሬን ሲያመኝም እናቴ ‹‹ፀሐይ መትቶህ ነው›› እያለች በነጠላዋ ጫፍ ታስረኝ ነበር።

በዚህ ዓይነት ተምሬ፣ ኮሌጅ ገብቼ፣ በስምጥ ሸለቆው መንገድ ላይ ካሉት ከተሞች በአንዱ የሒሳብ አስተማሪ ሆንሁ። እንግዲህ በደሌ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

በዘጠነኛ ክፍል ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ አንድ ልጅ ነበር። ወደ ሰሌዳው ሲመለከት ዓይኑን ያጨነቁራል፤ አንገቱንም ወደ ጎን ያዘነብላል። እኔ ይህን እንደ ንቀት ቈጠርሁት። አንድ ቀን ፈተና ስሰጥ ወረቀት ስላልነበረ ጥያቄዎቹን በሰሌዳ ላይ ጻፍኋቸው። ልጁ ወደ ጎረቤቱ ወረቀት ዘንበል ሲል አየሁት። ምን እንደሚያይ ሳልጠይቅ ወረቀቱን ነጥቄ ቀደድሁና ዜሮ ሰጠሁት። ይህም አልበቃኝ ብሎ በስልሳ ተማሪ ፊት ‹‹አንተ ሰነፍ ብቻ ሳትሆን ሌባ ነህ›› አልሁት። ልጁ አንድም ቃል አልመለሰልኝም። በሚቀጥለው ሳምንት ወንበሩ ባዶ ሆነ፤ ስሙንም ከመዝገቡ ሰረዝሁት።

ከዚህ በኋላ ሁለት ዓመት አለፈ። ዕድሜዬ ሠላሳ አራት ሲሞላ የራስ ምታቱ ባሰብኝ። አንዲት ተማሪ ያገኘችው 83 ሆኖ ሳለ እኔ በመዝገብ ላይ 33 ብዬ ጻፍሁባት። ልጅቱ አልቅሳ ስትመጣ የሥራ ባልደረባዬ ወረቀቱንና መዝገቡን አስተያየና ‹‹ወንድሜ፣ ይህ የሒሳብ ስሕተት አይደለም፤ ዓይንህን ታይ›› አለኝ። እኔም ወደ አዳማ መጥቼ የዓይን ሐኪም ዘንድ ቀረብሁ።

ሐኪሙ በመጀመሪያ የፊደል ሰሌዳ አሳየኝ። ቀጥሎም መስመሮቹ እንደ ፀሐይ ጮራ ከመካከል ወደ ዙሪያው የሚወጡበትን ሥዕል አሳየኝና ጠየቀኝ።

‹‹የትኞቹ መስመሮች ጠቁረው ይታዩዎታል?››

‹‹የቆሙት።››

‹‹የተጋደሙትስ?››

‹‹እነርሱማ በፈዛዛ ቀለም የተሳሉ ናቸው።››

ሐኪሙ ፈገግ ብሎ ‹‹ሁሉም በአንድ ቀለም የታተሙ ናቸው›› አለኝ። ከዚያም ባዶ መሞከሪያ ፍሬም በፊቴ ላይ አድርጎ አንድ ሌንስ ከተተና እንደ ሰዓት እጅ ቀስ እያለ ያዞረው ጀመር። ከአንድ ቦታ ሲደርስ መስመሮቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጥቁር ሆኑ። ዓለምን ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በግማሽ ሳያት እንደ ኖርሁ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

አሁን የበሽታውን ጠባይ፣ በተለይ ሳይንስ ለምትማሩት፣ በአጭሩ ላስረዳ። በዓይናችን ፊት ኮርኒያ የሚባል፣ እንደ ሰዓት መስታወት ጉብ ያለ፣ ብርሃን የሚያስተላልፍ ሽፋን አለ። ይህ ሽፋን እንደ ኳስ በሁሉም በኩል እኩል ከተቈለመመ፣ ከአንድ ነጥብ የመጣው ብርሃን ተሰብስቦ ከዓይን በስተኋላ ባለው ሬቲና ላይ በአንድ ነጥብ ያርፋል። እንደ እኔ ባለው ሰው ግን ሽፋኑ የማንኪያ ጀርባ ይመስላል፤ በአንዱ አቅጣጫ ይበልጥ፣ በሌላው ያነሰ ይቈለመማል። ስለዚህ ብርሃኑ በአንድ ነጥብ ሊያርፍ ስለማይችል ነጥቡ ወደ ጭረት ይለወጣል። ስሙ አስቲግማቲዝም ይባላል፤ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ‹‹ነጥብ አልባ›› እንደ ማለት ነው።

ይህን ጉድለት እንግሊዛዊው ሊቅ ቶማስ ያንግ በራሱ ዓይን ላይ መርምሮ በ1801 በአውሮፓ አቆጣጠር ገልጾታል። በዚያው ዓመት የተወለደው የከዋክብት ተመራማሪ ጆርጅ ኤሪ ደግሞ የግራ ዓይኑ ለንባብ እንደማይረዳው ባየ ጊዜ፣ ጉድለቱን ለክቶና አስልቶ በ1825 ልዩ ሌንስ አሠራ። ሌንሱ የሲሊንደር ቅርጽ ስላለው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ብርሃንን ያጥፋል። እነሆ፣ ሒሳብ ለምን ይጠቅማል ብላችሁ የምትጠይቁ ተማሪዎች፣ ኤሪ ዓይኑን ያቀናው በሒሳብ እንደ ሆነ ልብ በሉ።

ከዚህ የሚከተል አንድ ቁም ነገር አለ። ሌንሱ አቅጣጫ ስላለው ሐኪሙ በማዘዣው ላይ ከ180 ዲግሪ ውስጥ የትኛው እንደ ሆነ ይጽፋል። ስለ ሆነም በመንገድ ዳር ተዘጋጅቶ የሚሸጠው የማንበቢያ መነጽር ፊደልን ያጐላ ይሆናል እንጂ ይህን ጉድለት አያቃናም። የሰው መነጽር መዋስም አይጠቅምም። ፍሬሙ ቢጣመም እንኳ ሌንሱ ከአቅጣጫው ስለሚወጣ እይታው ይበላሻል።

መነጽሩን ባደረግሁ በመጀመሪያው ቀን መሬቱ ወደ እኔ ያዘነበለ መሰለኝ፤ የበሩ መቃን ተጣመመብኝ፤ ደረጃ ስወርድም እንደ ሕፃን በእግሬ እየዳበስሁ ነበር። ሐኪሙ ግን አስቀድሞ ‹‹አእምሮዎ እስኪለምደው ነውና አያውልቁት›› ብሎኝ ስለ ነበር ታገሥሁ። በሳምንቱ ነገሩ ሁሉ ቀና። ከአዳማ በላይ በኮረብታው ጫፍ ላይ ያሉት የነፋስ ኀይል ማመንጫዎች ለእኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ነጭ ጭጋግ ነበሩ። ያን ቀን ግን ሦስቱን ክንፎቻቸውን አንድ ሁለት ብዬ ቈጠርኋቸው። አንድ ጎልማሳ ሰው በመንገድ ዳር ቆሞ ሲቈጥር ያዩኝ አላፊዎች ሳይታዘቡኝ አልቀሩም።

ደስታዬ ግን እስከ ክፍሌ በር ድረስ ብቻ ነበር። ሰኞ ጧት ገብቼ ወደ ኋላ ወንበር ስመለከት የተማሪዎቼን ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጥ አየሁ። ከመካከላቸው አንዱ ዓይኑን ያጨነቁራል፤ አንዲቱም አንገቷን ወደ ጎን አዘንብላለች። ያን ጊዜ የተሰረዘው ስም ትዝ አለኝ፤ ጠመኔውም ከእጄ ወደቀ።

ልጁን ለመፈለግ ወደ ቤቱ ሄድሁ። እናቱ ጉሊት የሚሸጡ ሴት ናቸው። ‹‹ከመቂ ባቱ በሚመላለስ ሚኒባስ ላይ ረዳት ሆኗል›› አሉኝ። ከመናኸሪያው ጠብቄ አገኘሁት። አደባባይ ላይ ስለ ሰደብሁት ይቅርታ የጠየቅሁትም በአደባባይ፣ በባልደረቦቹ ፊት ነው። እርሱ መሬት መሬት እያየ ‹‹ጋሼ፣ እኔ እኮ አልኮረጅሁም፤ ጥያቄውን ነበር የማየው፤ ሰሌዳው አይታየኝም ነበር›› አለኝ። ለምን ያን ጊዜ አልተናገርህም ስለው ‹‹ቢናገሩ ማን ያምናል?›› ሲል መለሰልኝ። ይህች ቃል እስከ ዛሬ ድረስ ከጆሮዬ አልወጣችም።

ከሲጋራ ካርቶን ቈርጬ በመርፌ በሳሁና በቀዳዳዋ የሩቁን የሱቅ ማስታወቂያ እንዲያይ አደረግሁት። ቀድሞ ያልታዩትን ፊደሎች አነበበ። በጠባብ ቀዳዳ ሲያዩ እይታው የሚሻሻል ከሆነ፣ መነጽር ሊረዳ እንደሚችል ምልክት ነው። ካልተሻለ ግን ሌላ ሕመም ሊኖር ስለሚችል ፈጥኖ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። ለማንኛውም ይህ ጥቆማ እንጂ ምርመራ ስላልሆነ ወደ ሐኪም ወሰድሁት። ጉድለቱ ከእኔ ይብስ ነበር። ቀኝ ዓይኑ በመነጽር ደኅና ሆነ። ግራው ግን ሙሉ በሙሉ አልቀናም፤ ምክንያቱም በሕፃንነት ጊዜ ጥርት ያለ ሥዕል ያልደረሰው ዓይን ከአእምሮ ጋር ማየትን ሳይለማመድ ስለሚቀር፣ ካደገ በኋላ መነጽር ብቻውን አይመልሰውም። ልጁ አሁን በማታ ትምህርት ይማራል። የጠፉትን ሁለት ዓመታት ግን ልመልስለት አልቻልሁም።

ውድ ወገኖቼ፣ ይህ የአንድ ልጅ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. በመላ አገራችን በተደረገው ጥናት፣ ከመቶው ሕዝብ 1.6 የሚሆነው ዓይነ ስውር፣ 3.7 የሚሆነው ደግሞ እይታው የደከመ ሆኖ ተገኝቷል። ከነዚህ እይታቸው ከደከመው መካከል ሲሶው ያህል ችግሩ መነጽር የሚያቃናው የብርሃን አስተጣጠፍ ጉድለት ነበር። ቀዶ ጥገና ሳያስፈልገው፣ መድኃኒት ሳይሻ፣ በሁለት ሌንስ የሚድን ማለት ነው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ዓይኑን አስመርምሩ። መነጽር ዓይን ያበላሻል የሚለው ወሬ ሐሰት ነው። የስምጥ ሸለቆው አቧራ ዓይን ሲያሳክክ ልጆች አጥብቀው እንዳያሹት ከልክሉ፤ አዘውትሮ ማሸት ኮርኒያውን አሳስቶ ሊያሾጠው ይችላልና። ፊታቸውንም በየቀኑ ይታጠቡ፤ ትራኮማ የሚተወው ጠባሳ ለእይታ ከዚህ የባሰ ጠንቅ ነው።

መምህራን ሆይ፣ ዓይኑን የሚያጨነቁረውን ልጅ ‹ሰነፍ› ከማለታችሁ በፊት ወደ ፊት ወንበር አምጡት። ዜሮ ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁት። እኔ ብጠይቀው ኖሮ የሚፈጅብኝ አንድ ደቂቃ ነበር።

እናንተም ተማሪዎች፣ ካልታያችሁ እጃችሁን አውጥታችሁ ‹‹አይታየኝም›› በሉ፤ ይህ ነውር አይደለም። መነጽር ያደረገውን ጓደኛችሁንም ‹‹ባለ አራት ዓይን›› እያላችሁ አታሳፍሩት። በአገራችን የቤተ ክህነት ትምህርት ‹‹አራት ዓይና›› የሚባለው ብሉዩን፣ ሐዲሱን፣ ሊቃውንቱንና መነኮሳቱን አራቱንም የመጻሕፍት ትርጓሜ የጨረሰ ታላቅ መምህር እንደ ሆነ አስታውሱ። ስድብ የመሰላችሁ ስም በአባቶቻችን ዘንድ የክብር መጠሪያ ነው።

ንግግሬን የምፈጽመው ይህን በማለት ነው። መነጽሩ የሰጠኝ የኮረብታውን ክንፎችና የፊደሉን ቅጥል ብቻ አይደለም። ከዚያ በፊት ያየሁ እየመሰለኝ የፈረድሁትን ፍርድ ሁሉ እንደ ገና እንድመረምር አስገድዶኛል። ይህ ትምህርት ቤት በሚቀጥሉት ዓመታት አንድም ልጅ ሰሌዳው ስላልታየው ብቻ ስሙ የማይሰረዝበት ቤት እንዲሆን እመኛለሁ።