ካርዱን ማን ይቍጠር?

በብቸናና በሞጣ የኳስ ወዳጆች ከገበያ መልስ ስለ አዲስ አሠልጣኞች ሲከራከሩ የሰማ ሰው፣ ሁሉም ዋናውን አሠልጣኝ ብቻ ሲመዝን ያገኘዋል። ምክትሉና የቡድኑ መሪ ይረሳሉ።

ነገር ግን በሰኔ 2005 ዓ.ም. የሆነውን እናስታውስ። በአቶ ሰውነት ቢሻው የሚመራው ብሔራዊ ቡድናችን፣ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ የበቃው ያው ቡድን፣ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 ረታ። ዳሩ ግን ሁለት ቢጫ ካርድ የነበረበት ተጫዋች ተሰልፎ ስለ ተገኘ፣ ድሉ ተሽሮ 3 ለ 0 እንደ ተሸነፈ ተቈጠረበት። በመጨረሻ ምድቡን በአንደኛነት ቢያልፍም፣ ጭንቀቱን ያመጣው የእግር ሳይሆን የመዝገብ ጕድለት ነበር።

እንግዲህ የብቸናው ወጣት «አጥቂው ማን ይሁን?» ሲል የሞጣው ሽማግሌ «ካርዱን የሚቈጥረውስ ማን ነው?» ቢል፣ እኔ ከሽማግሌው ጋር ነኝ።