«ምን ልታዘዝ?»

በተመራቂዎች ማኅበር ዓመታዊ የመገናኛ ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር



አዘጋጅ ኮሚቴው «አሥር ደቂቃ አለሽ፣ ደስ ስላለሽ ነገር ተናገሪ» ሲለኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ሕፃናት የሳንባ ምች ነበር። ግን እራት ሳይቀርብ ስለ ሳንባ ምች የሚሰማኝ ሰው እንደማላገኝ ገባኝ። ስለዚህ ስለ ምሳ ልንገራችሁ።

በእኛ ጊዜ ከጥቁር አንበሳ በር ወጥተን ቁልቁል ስንወርድ ምሳ ማለት ሳንቡሳ በሻይ ነበር፤ እሱም ቆመን። ኢንተርን ሆነን ደሞዝ የወጣ ሰሞን ደግሞ ፓስታ በስጎ እናዛለን፤ አንድ ሳህን፣ ሁለት ፎርኬታ። ከመካከላችሁ ፈገግ ያላችሁ አላችሁ፤ ሳህኑን ያጋራችሁኝ እናንተ ናችሁ።

ያ ሰፈር ዛሬ ተለውጧል። ሰንጋ ተራ ስሙ አሁንም የሰንጋ ነው፣ ሕንፃው ግን መስታወት ሆኗል። ከ200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት እዚያው አካባቢ ነው፤ ሌሎች ባንኮችና ኢንሹራንሶችም ጎን ለጎን ተደርድረዋል። በዚያ ሁሉ ፎቅ ውስጥ የሚሠራ ሰው ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን አንድ ላይ ይርበዋል።

እኛ የምንሄድበት የጣሊያን ምግብ ቤት እዚያ መሀል ነው። ስሙን አልጠራም፤ ማስታወቂያ ይሆንብኛል። ከስድስት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል ያለችውን አንድ ሰዓት ያላየ ሰው ግርግር አየሁ አይበል። የባንክ ሠራተኛው መታወቂያውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ ስጎ እንዳይነካው ከረባቱን በሸሚዙ ቁልፎች መሀል ሸጉጦ ይበላል። ባንኮኒው ጋ ቆመው ወንበር የሚጠብቁት የሚበላውን ሰው አፍ አፍ ያያሉ። የማኪያቶው ማሽን ይጮሃል። አስተናጋጁ ወደ ኩሽና «አንድ ላዛኛ! ሁለት ስፓጌቲ፣ አንዱ ሚጥሚጣ ይኑረው!» ይላል። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ የጾም ፒዛውና ፓስታ በአትክልቱ ነው። የጣሊያን ጦር አምስት ዓመት ቆይቶ በ1933 ወጣ፤ ፓስታው ግን ቀረ፤ ከእኛ በርበሬ ጋርም ተስማማ።

ባለፈው ዓመት አንድ ሐሙስ ቀን አምስት የክፍል ጓደኛሞች የቀዶ ሕክምና መምህራችንን እዚያ ምሳ ጋበዝን። ማን እንደሆኑ አልናገርም። ታሪኩን እንድናገር ግን ፈቅደውልኛል፤ እንዲያውም «ምንም ሳትቀንሺ ተናገሪ» ብለውኛል። አሁን እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ናቸው። እባካችሁ ዘወር ዘወር እያላችሁ አትፈልጓቸው።

አምስታችን ማን ማን ነን? አንድ የልብ፣ አንድ የራዲዮሎጂ፣ አንድ የቆዳ፣ አንድ የማደንዘዣ ሐኪም፣ እኔ ደግሞ የሕፃናት። ልምዳችን ቢደመር መቶ ዓመት ይሞላል። ይህቺን ቁጥር ያዙልኝ።

ፕሮፍ አሮስቶ አዘዙ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ማድረግ የጀመሩት በዚያው ዓመት ነበር። እየበሉ ድሮ ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ የገጠማቸውን ያወራሉ፤ እኛ እንስቃለን፤ እሳቸውም ይስቃሉ። መሀል ላይ ዝም አሉ። ናፕኪኑን አፋቸው ላይ አድርገው፣ በእጃቸው «መጣሁ» የሚል ምልክት ሰጥተው ተነሡ። እኛ ምን አደረግን? በአክብሮት ከወንበራችን ብድግ ብለን አሳለፍናቸው! ከዚያም ተቀመጥን። እኔ ወዲያው ስልኬን አወጣሁ፤ ዋርድ የተኛ ልጅ የላብራቶሪ ውጤት በቴሌግራም ተልኮልኝ ነበር። የልብ ሐኪማችን ፓስታውን ይጠቀልላል።

አስተናጋጃችን ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ወጣት ነው። ሦስት ሳህን ተሸክሞ ከኩሽና ሲወጣ ወደ መጸዳጃ ቤት በሚወስደው ጠባብ መተላለፊያ ላይ ከፕሮፍ ጋር ተገናኙ። ጠጋ ብሎ አሳለፋቸውና እንደ ልማዱ «ፕሮፌሰር፣ ምን ልታዘዝ?» አላቸው። አልመለሱም። ደግሞ ጠየቃቸው። በእጃቸው «ተወኝ» አሉት። ልጁ ሦስቱን ሳህን ከማያውቀው ሰው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና ጮኸ፦ «ዶክተሮች! ፕሮፌሰር መናገር አቃታቸው!»

የማደንዘዣ ሐኪማችን ከሁላችንም ይሻል ነበር፤ ግን ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ነው የተቀመጠው፤ ወንበሩ አላስወጣ አለው። እኔ ዳር ስለነበርኩ ቀድሜ ደረስኩ። ፕሮፍ የመጸዳጃ ቤቱን በር ከፍተው እየገቡ ነበር። ከውስጥ ቆልፈውት ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምናገረው ሌላ ንግግር ነበር።

የእኔ ታካሚዎች አሥር ኪሎ፣ ቢበዛ ሃያ ኪሎ ናቸው፤ ፕሮፍን ታውቋቸዋላችሁ፣ ዘጠና ናቸው። ወደ ፊት ጎንበስ አድርጌ በትከሻ አጥንቶቻቸው መሀል አምስት ጊዜ መታኋቸው። ምንም የለም። ከኋላ አቅፌ፣ ቡጢዬን ከእምብርታቸው በላይ አድርጌ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ጫንኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በአራተኛው የአውራ ጣት ራስ የምታህል ሥጋ ወለሉ ላይ ወደቀች። ከዚያ ትንፋሽ መጣ። በሥራዬ ብዙ የመጀመሪያ ትንፋሽ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ያስለቀሰኝ ግን የለም።

ፕሮፍ ድምፃቸው እንደተመለሰ መጀመሪያ የተናገሩትን ታውቃላችሁ? «ሰው አየኝ እንዴ?»

ወገኖቼ፣ እኔን እስካሁን የሚያባንነኝ ይህ ጥያቄ ነው። በሺህ የሚቆጠር ሆድ የከፈቱ ሰው፣ አየር ሲያጡ ምን መደረግ እንዳለበት ለእኛ ያስተማሩ ሰው፣ አምስት ሐኪም ካለበት ጠረጴዛ ተነሥተው ብቻቸውን ወደሚሆኑበት ክፍል ሄዱ። ለምን? በተማሪዎቻቸው ፊት ማሳል አፈሩ። ይሉኝታ ነው። እሳቸውም ራሳቸው «ያነቀኝ ሥጋው ብቻ አልነበረም» ብለውኛል።

ይህ የእኛ አገር ብቻ ችግር አይደለም። በ1963 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ በምግብ ቤቶች ስለሚደርስ ድንገተኛ ሞት የተጻፈ ጽሑፍ ወጥቶ ነበር። በልብ ድካም ሞቱ የተባሉት ሰዎች ሲመረመሩ የአየር ቧንቧቸው ውስጥ ምግብ ተገኘ። «ካፌ ኮሮናሪ» የሚለው ስም ከዚያ መጣ። ሃይምሊክ ሆድን የመጫን ዘዴውን ያሳወቀው ከዚያ በኋላ፣ በ1974 እ.ኤ.አ. ነው። ምግብ ያነቀው ሰው አይጮህም፤ መጮህ አይችልም። አፍሮ የሚነሣም ብዙ ነው። ግርግር ባለበት ቤት ደግሞ ዝም ያለን ሰው ማን ያያል?

ልጁን በኋላ ጠየቅሁት፦ «እንዴት አወቅህ?» እንዲህ አለኝ፦ «ዶክተር፣ ሰው ከምግቡ ሲነሣ ወይ ስልኩን ይዞ ነው፣ ወይ እጁን እያየ ነው፣ ወይ ሒሳብ ሊጠይቅ ዓይኔን ይፈልጋል። እሳቸው ማንንም አላዩም። ስጠይቃቸውም አልመለሱም።» በቃ፣ ይኸው ነው። መቶ ዓመት የሕክምና ልምድ ስልክና ሳህን እያየ ሳለ፣ ሰውን ያየው ሥራው ሰውን ማየት የሆነው ልጅ ነው። እኛ መጀመሪያ የምንጠይቀው «መናገር ይችላሉ?» ብለን ነው። እሱ ያንኑ ጥያቄ በቀን መቶ ጊዜ ይጠይቃል፤ አጠራሩ ብቻ ይለያል፦ ምን ልታዘዝ?

ከመካከላችን ሐኪም ያልሆኑ የሌላ ፋኩልቲ መምህራንና የትዳር ጓደኞች ስላሉ፣ ሐኪሞቹ ታገሡኝና ደንቡን በአጭሩ ልበል። ሰውየው የሚያስል ከሆነ እንዲያስል አበረታቱት፤ አትምቱት። መናገር፣ ማሳል፣ መተንፈስ ካቃተው ግን ወደ ፊት ጎንበስ አድርጋችሁ በትከሻ አጥንቶቹ መሀል በመዳፋችሁ ታችኛ ክፍል አምስት ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱት። ካልወጣ ከኋላ አቅፋችሁ ከእምብርት በላይ አምስት ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ጫኑ። እስኪወጣ ሁለቱን እያፈራረቁ መቀጠል ነው። ለነፍሰ ጡር ወይም እጃችሁ ለማይዞርበት ወፍራም ሰው ሆዱን ሳይሆን ደረቱን ጫኑ። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ሆዱ በፍጹም አይጫንም፤ ጀርባውና ደረቱ ነው። ራሱን ከሳተ መሬት ላይ አስተኝታችሁ፣ አንድ ሰው 907 ደውሎ አምቡላንስ ይጥራ፣ እናንተ ሲፒአር ጀምሩ። ጊዜው በደቂቃ ነው የሚቆጠረው። ውሃ አታጠጡ! የማታዩትንም ነገር በጣታችሁ ጉሮሮ ውስጥ አትፈልጉ፤ ይበልጥ ትገፉታላችሁ። ከዳነ በኋላም ሆዱ የተጫነ ሰው መመርመር አለበት። ፕሮፍን እያጉረመረሙ ወስደን አስመርምረናቸዋል፤ ደህና ነበሩ።

እኛ አገር ይህ ነገር የባሰ ያስፈልገናል። ጥሬ ሥጋ በቁርጥ እንበላለን፤ አረጋዊና ሕፃን አፍ እስኪሞላ እናጎርሳለን፤ ሁለተኛው ጉርሻ ካልተጨመረም እንጣላለን። ጉርሻ ተዉ አልልም፤ እናቴ አትምረኝም። አሳንሱት፣ የጎረሰው ሰው እስኪውጥም አታስቁት።

ከዚያ ሐሙስ በኋላ በአንድ እሑድ ጠዋት፣ ቤቱ ሳይከፈት፣ አምስታችን የማለማመጃ አሻንጉሊት ይዘን ተመለስን። አስተናጋጆች፣ አብሳዮች፣ ገንዘብ ተቀባይዋ፣ ሳህን አጣቢዋ ሳይቀሩ ተለማመዱ። ሁለት ሰዓት ፈጀ። ሳህን አጣቢዋ ከሁላችንም በላይ ጉልበት አላት። ባለቤቱ ሊከፍለን ፈለገ፤ ላዛኛ ተቀበልን።

እንግዲህ ማኅበራችንን የምለምነው ይህንን ነው። በየዓመቱ ተገናኝተን እንበላለን፣ ፎቶ እንነሣለን፣ እንለያያለን። ዘንድሮ እያንዳንዳችን አዘውትረን የምንበላበትን አንድ ቤት እንያዝ፤ ፓስታ ቤት ይሁን ቁርጥ ቤት፣ አዲስ አበባ ይሁን ዋሽንግተን። አንድ ጠዋት ሰጥተን ሠራተኞቹን እናሠልጥን። አሻንጉሊቱን እኛ እናውሳለን። የሚመጣው ዓመት መጽሐፍ ላይ ከፎቶዎቻችን ጎን የእነዚያ ቤቶች ዝርዝር ቢወጣ ደስ ይለኛል።

ለራሳችንም አንድ ነገር። አሁን እራት ይቀርባል። ስልካችሁን ኪሳችሁ አስቀምጡና አጠገባችሁ ያለውን ሰው እዩት። ሃያ ዓመት ያላያችሁት ሰው ነው። ምግብ ብቻ አይደለም የሚያንቀን፤ ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተን ድካሙን፣ ሐዘኑን፣ የቤቱን ነገር ለማንም ሳይናገር ተነሥቶ የሄደ ስንት ጓደኛ አለን? በአክብሮት ብድግ ብለን አሳልፈነዋል። ዛሬ ዝም ብሎ የተነሣ ሰው ካያችሁ ተከተሉት። ምን እንደምትሉት አታጡም።

ፕሮፍ፣ እርስዎም ዛሬ ሥጋውን ቀስ ብለው። ከተነሡ ደግሞ እከተልዎታለሁ።

መልካም እራት።