የሰንጢ ዕድሜ በምን ይታወቃል?

(በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ከተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ አነስተኛ ዕቃ፣ ስለ ኪስ ሰንጢ ነው። የቆዩ ሰንጢዎችን የሚሰበስቡ ሰዎች በብዙ አገር ይገኛሉ። የአንዱ ዋጋ ከሌላው የሚበልጠው ብዙ ጊዜ በተሠራበት ዘመን ስለሆነ፣ ዘመኑን መለየት ለገዢው የገንዘብ፣ ለሻጩ የታማኝነት ጉዳይ ነው። ለመሐንዲስ ግን ከዚህ ያለፈ ትምህርት አለው።

በመጀመሪያ የሞዴል ዓመትና የምርት ዓመት የተለያዩ መሆናቸውን መገንዘብ ያስፈልጋል። የስዊስ ሠራዊት ለወታደሮቹ ያደላቸው ሰንጢዎች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የ1890፣ የ1908፣ የ1951 እና የ1961 ሞዴል እየተባሉ ይጠራሉ። የመጀመሪያው እጀታ ከእንጨት፣ የሁለተኛውና የሦስተኛው ከፋይበር፣ የአራተኛው ከአሉሚኒየም የተሠራ ነው። እንግዲህ እጀታው ስለ ትውልዱ ፍንጭ ይሰጣል፤ የምርቱን ዓመት ግን አይነግረንም። የ1961 ሞዴል እስከ 2008 ድረስ ስላልተተካ፣ በዚሁ ስም የሚጠራ ሰንጢ በ1985 የተሠራ ሊሆን ይችላል። ቁርጡን የሚያሳውቀን በስለቱ ሥር የተመታው የዓመቱ የመጨረሻ ሁለት አኀዝ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የአሜሪካው ኬዝ ኩባንያ ነው። ኩባንያው በ1970 በስለቱ ሥር ከስሙ በታች 10 ነጥቦችን መታ፤ ከዚያም በየዓመቱ አንድ ነጥብ ቀነሰ። ስለዚህ 7 ነጥብ 1973ን፣ 1 ነጥብ 1979ን ያመለክታል። በ1980 ቆጠራው እንደገና ከ10 ተጀመረ። ታዲያ 7 ነጥብ ያለው ሰንጢ የ1973 ነው ወይስ የ1983? መልሱ የሚገኘው በነጥቡ ሳይሆን በፊደሉ ነው፤ ከ1980 ጀምሮ በኩባንያው ስም ውስጥ ያለው «ኤስ» እንደ መብረቅ የተሰበረ ቅርጽ ተሰጥቶታልና። በእነዚህ ሁለት አሥርታት ነጥቡ ዓመቱን፣ ፊደሉ አሥርቱን ይመሰክራል፤ አንዱ ያለ ሌላው ምስክርነቱ ጎደሎ ነው።

በዚህም ላይ ምስክር ሊጠፋ ወይም ሊለወጥ ይችላል። አንድ ነጥብ በመወልወል ብዛት ቢፋቅ ሰንጢው ከዕድሜው በአንድ ዓመት ያነሰ ይመስላል። ስለቱ ከሌላ ሰንጢ ተወስዶ የተገጠመ ከሆነም ምልክቱ የሚናገረው ስለ ስለቱ እንጂ ስለ መላው ዕቃ አይደለም። ስለዚህ ጠንቃቃ መርማሪ ምልክቱን፣ የእጀታውን ዓይነትና የክፍሎቹን የመበላት መጠን ያስተያያል፤ ሳይስማሙ ሲቀሩም ፍርዱን ያዘገያል።

ክቡራን፣ ይህ ሁሉ ድካም የሚቀለው ሠሪው በጊዜው አንዲት ምልክት ሲያኖር ነው። መለያ ሰሌዳው የጠፋ ፓምፕ ወይም የተሻሻለበት ቀን ያልተጻፈበት ንድፍ ከኛ በኋላ የሚመጣውን ጠጋኝ ለግምት ይዳርገዋል፤ በግምት የታዘዘ መለዋወጫም ሳይገጥም ይቀራል። ስለዚህ በምንሠራው ሁሉ ላይ ዓመቱንና የተደረገውን ለውጥ በማይፋቅ ሁኔታ እንጻፍ።